ሁለት ሲደመር ሁለት ስንት ነው?

አትሳቁብን፤ ጥያቄው የሒሳብ ጥያቄ አይደለም። አሜሪካኖች ከመቶ ዓመት በላይ ለልጆቻቸው ሲነግሩት የኖሩት የተስፋ ቃል ነው። «ሁለት ዓመት ሰፈርህ ባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማር፤ ሁለት ዓመት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ጨርስ፤ በአራት ዓመት ዲግሪህን ትይዛለህ» ይላል ቃሉ። ክፍያው ርካሽ ነው፣ ኮሌጁ ቅርብ ነው፣ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ችግሩ ያለው መደመሩ ላይ ነው። ሁለቱና ሁለቱ ብዙ ጊዜ አምስት ይሆናሉ፣ ስድስት ይሆናሉ፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይደመሩም። ተማሪው የሳይንስ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ይበልጥ ይከብዳል። ለምን? መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው ብለን ስላሰብን፣ እስቲ ወደ ኋላ እንሂድ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስምንት እየቀነሳችሁ አትድከሙ።)

ስድስት ተማሪዎች

ነገሩ የጀመረው በዊልያም ሬይኒ ሃርፐር ነው። ሃርፐር የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበር። በዘመኑ እንደነበሩት ብዙ አሜሪካውያን ምሁራን ዓይኑ ጀርመን ላይ ነበር። እውነተኛ ዩኒቨርሲቲ ማለት ምርምር የሚካሄድበት ቦታ ነው ብሎ ያምናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ትምህርት ግን ለእሱ የሁለተኛ ደረጃ ቅጥያ ነው። ስለዚህ የራሱን ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ከፈለው፤ የታችኛውን ክፍል «ጁኒየር ኮሌጅ»፣ የላይኛውን «ሲኒየር ኮሌጅ» አለው። በ1900 ደግሞ ሁለቱን ዓመት ለጨረሱ «አሶሼት» የሚባል አዲስ ዲግሪ መስጠት ጀመረ።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ፣ ይህ የታችኛው ክፍል ለምን ከዩኒቨርሲቲው ውጭ አይሆንም? የሚል ነበር። ሃርፐር በኢሊኖይ ግዛት የጆሊየት ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ከነበረው ከጄ. ስታንሊ ብራውን ጋር ተስማማ። በ1901 ስድስት ተማሪዎች እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ የኮሌጅ ትምህርት ጀመሩ። ዛሬ ጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ የሚባለውና በአሜሪካ ሳይቋረጥ የቆየው የመጀመሪያው የሕዝብ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልን። ሐሳቡ ከላይ ወደ ታች የመጣ ነው። ሃርፐር «ድሃው ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ምን ላድርግለት?» ብሎ አልነበረም የተነሣው። «ዩኒቨርሲቲዬን ከጀማሪዎች እንዴት ላቅልለው?» ብሎ ነው። ሁለት ዓመት ተምረው ሳያፍሩ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ብዙ ተማሪዎች ይኖራሉ ብሎም ይጠብቅ ነበር። መሰላሉ ሲሠራ ጀምሮ፣ ከመካከሉ የሚወርዱ ሰዎች ታስበውለት ነበር ማለት ነው።

በሩ ተከፈተ

ካሊፎርኒያ ነገሩን በሕግ ያዘችው። በ1907 የወጣው ሕግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የኮሌጅ ኮርስ እንዲሰጡ ፈቀደ፤ በ1910 ፍሬዝኖ ቀድማ ከፈተች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከግንባር የተመለሱ ወታደሮች በ1944ቱ ሕግ የትምህርት ወጪያቸው እየተሸፈነ ኮሌጆችን አጥለቀለቁ። በ1947 በፕሬዚዳንት ትሩማን የተቋቋመው ኮሚሽን ከሕዝቡ ቢያንስ 49 በመቶ የሚሆነው አሥራ አራት ዓመት ትምህርት መጨረስ የሚችል አእምሮ አለው ብሎ ደመደመ። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚለውን ስምም በሰፊው ያስተዋወቀው ይኸው ኮሚሽን ነው።

በ1960 ካሊፎርኒያ «ማስተር ፕላን» የሚባለውን አወጣች። ከጀርባው የነበረው ሰው የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ፕሬዚዳንት ክላርክ ኬር ነው። ዕቅዱ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ከሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች ከላይ ያሉት 12.5 በመቶ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ፣ ከላይ ያለው አንድ ሦስተኛ ደግሞ የስቴት ኮሌጆች መግባት ይችላሉ፤ ጁኒየር ኮሌጅ ለማንም ክፍት ነው። እና ቀሪው ሕዝብ? ለእሱ የተሰጠው መልስ «ትራንስፈር» የሚል ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከተማሪዎቻቸው 60 በመቶው ሦስተኛና አራተኛ ዓመት እንዲሆኑ ታቀደ፤ ከታች ለሚመጡት ቦታ እንዲኖር ማለት ነው። በዚያ አሥር ዓመት በመላው አሜሪካ ከ450 በላይ የሕዝብ ኮሌጆች ተከፈቱ። በሳምንት አንድ ኮሌጅ ገደማ!

ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። መሬት ላይስ?

«ማብረድ»

በዚያው በ1960 በርተን ክላርክ የሚባል የሶሺዮሎጂ ምሁር አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ያጠናው በሳን ሆዜ ያለ ጁኒየር ኮሌጅ ነበር። ያገኘው ነገር ይህ ነው፦ ከተመዝጋቢዎቹ ሁለት ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲ እንገባለን ብለው ይጀምራሉ፤ በትክክል የሚዛወሩት ግን አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት የት ሄዱ? ማንም አላባረራቸውም። መግቢያ ፈተና ተፈተኑ፣ ማጠናከሪያ ክፍል ገቡ፣ አማካሪ «ሌላ ሙያ ብታይስ» አላቸው፣ ውጤታቸው ሲወርድ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ምኞታቸው በራሱ ጊዜ በረደ።

ክላርክ ይህን ሂደት «ማብረድ» አለው። ቃሉን የተዋሰው ከኧርቪንግ ጎፍማን ነው፤ ጎፍማን ደግሞ ያገኘው ከአጭበርባሪዎች ቋንቋ። የአራዳ አጭበርባሪዎች አንዱን የዋህ ገንዘቡን ከበሉት በኋላ ከመካከላቸው አንዱ ወደ ኋላ ይቀርና ያጽናናዋል። እንዳይጮህ፣ ፖሊስ እንዳይጠራ፣ የደረሰበትን እንደ ዕድሉ ቆጥሮ እንዲሄድ። ክላርክ ኮሌጆቹን ለመሳደብ አልነበረም ይህን የጻፈው። ሁሉም ይግባ እያለ ለሁሉም ቦታ የሌለው ኅብረተሰብ እንዲህ ዓይነት ማብረጃ ያስፈልገዋል የሚል ትንታኔ ነበር። ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ። ይገባቸዋልም እንላለን።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ ሁለት ሥራዎች ወጡ። ዶሮቲ ኖልና ሊላንድ ሜድስከር በአሥር ግዛቶች ከ7 ሺህ በላይ የተዛወሩ ተማሪዎችን ተከታትለው፣ የጁኒየር ኮሌጅ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መጨረስ እንደሚችሉ አሳዩ። ጆን ሂልስ ደግሞ ለአንድ ነገር ስም አወጣለት፦ «የትራንስፈር ድንጋጤ»። ተማሪው በተዛወረበት የመጀመሪያ ሴሚስተር ጂፒኤው ይወርዳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ያገግማል። ኋላ የመጡ ጥናቶች እንዳመለከቱት ድንጋጤው ከሚከብድባቸው ዘርፎች አንዱ ሒሳብና ሳይንስ ነው።

ሳይንስ ለምን ይለያል?

እኛ ጋዜጠኝነት ነው የተማርነው። አንድ ኮርስ ቢያመልጠን በሚቀጥለው ሴሚስተር ከሌላው ጋር ደርበን እንወስደዋለን። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ግን እንዲህ አይችልም። ትምህርቱ ሰንሰለት ነው። ካልኩለስ አንድን ሳይጨርስ ካልኩለስ ሁለት የለም፤ ካልኩለስ ሳይዝ የኢንጂነሪንግ ፊዚክስ የለም፤ ጀነራል ኬሚስትሪ ሳያልቅ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የለም። ከሰንሰለቱ አንዷ ቀለበት ስትበጠስ የሚባክነው አንድ ኮርስ ብቻ አይደለም። ከኋላዋ የተሰለፉት ሁሉ ይቆማሉ። ኮሌጁ ያንን ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ዓመቱ ሄደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ላብ ነው። «ኬሚስትሪ ወስጃለሁ» ማለት አይበቃም። ከላብ ጋር ነው? ስንት ሰዓት? ለሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀው ነው ወይስ ለሌሎች የቀለለው? ተቀባዩ ዲፓርትመንት «ይህ ከእኛ ኮርስ ጋር እኩል አይደለም» ካለ፣ ክሬዲቱ «ነፃ ምርጫ» ተብሎ ይመዘገባል። በትራንስክሪፕቱ ላይ ቁጥሩ አለ፤ ለዲግሪው ግን አይቆጠርም። ጠፋ የማይባል፣ አለም የማይባል ክሬዲት!

ሦስተኛው ነገር መነሻው ነው። በመግቢያ ፈተና ማጠናከሪያ አልጀብራ ላይ የተመደበ ተማሪ ካልኩለስ አንድ በር ላይ እስኪደርስ ሁለትና ሦስት ሴሚስተር ይፈጅበታል። የእሱ «ሁለት ዓመት» ገና ሳይጀመር አልቋል። ካሊፎርኒያ በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሌጆች ተማሪን እንዲህ ወደ ኋላ እንዳይመድቡ ገደበች። እስከዚያ ድረስ ስንቱ እንደበረደ አስቡት።

አራተኛው ጓደኛ ነው። ሌሎቹ ፍሬሽማን ሳሉ ተዋውቀዋል፣ የጥናት ቡድን አላቸው፣ የትኛው ፕሮፌሰር ላብ ውስጥ ረዳት እንደሚፈልግ ያውቃሉ። ተዛዋሪው ሦስተኛ ዓመት ላይ ብቻውን ይደርሳል፤ በዚያው ሴሚስተር ከባዶቹን ኮርሶች አንድ ላይ ይወስዳል። «ድንጋጤ» የተባለው ይህ ነው።

ሃምሳ ሎሚ

በዚህ ላይ አንድ የምንወደው ታሪክ አለ። በ1970ዎቹ በበርክሌይ ዩሪ ትራይስማን የሚባል የሒሳብ ተመራቂ ተማሪ አንድ ጥያቄ አስጨነቀው። ከሁለተኛ ደረጃ ጎበዝ ተብለው የመጡ ጥቁር ተማሪዎች ለምን ካልኩለስ ላይ ይወድቃሉ? ሰው ሁሉ መልስ ነበረው፦ ፍላጎት የላቸውም፣ ዝግጅታቸው ደካማ ነው፣ ቤተሰብ አይደግፋቸውም። ትራይስማን ግን መገመቱን ትቶ ሃያ ጥቁርና ሃያ ቻይናውያን አሜሪካውያን ተማሪዎች እንዴት እንደሚያጠኑ ሄዶ አየ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች በርትተው ያጠናሉ፤ ግን ብቻቸውን ነው። ቻይናውያኑ ተሰብስበው ያጠናሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ያርማል፣ በፈተና የሚወጣውን ይገምታሉ፣ ማን የት እንዳለ ያውቃሉ።

ትራይስማን ማጠናከሪያ ክፍል አልከፈተም። ከመደበኛው ይልቅ ከባድ ጥያቄዎችን አዘጋጅቶ ተማሪዎቹ በቡድን እንዲሠሩ አደረገ። ከዚያ በኋላ የተሳታፊዎቹ ውጤት ተቀየረ፤ ዘዴውም ወደ ብዙ ኮሌጆች ተዛመተ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የእኛን ተረት ቢሰማ ኖሮ በአጭሩ ይገላገል ነበር።

በዚያው አካባቢ በ1970 ኦክላንድ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ሜሳ» የሚባል ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር፤ ስሙ የሒሳብ፣ የኢንጂነሪንግና የሳይንስ ስኬት ለማለት ነው። ኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ሲገባ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፦ የሳይንስ ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት ክፍል፣ የቡድን ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲውን መንገድ የሚያውቅ አማካሪ። የማብረዱ ተቃራኒ ማለት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት የሚያዋጣ ነው ወይ የሚል ካለ፣ ሁለት ስም እንጥራ። ክሬግ ቬንተር ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ የገባው ሳን ማቴዎ በሚባል ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ሳን ዲየጎ ተዛወረ። በ2000 የሰው ልጅ ጂኖም ንድፍ ይፋ ሲደረግ ዋይት ሐውስ ቆመው ከነበሩት ሳይንቲስቶች አንዱ እሱ ነው። አይሊን ኮሊንስ ደግሞ በ1976 ከኮርኒንግ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመርቃ ወደ ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ሄደች፤ በ1999 የጠፈር መንኮራኩር ያዘዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ጉዳዩ የሁለት ጀግኖች ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በሳይንስና በኢንጂነሪንግ ዲግሪ ከሚይዙት ግማሽ ያህሉ በሆነ ጊዜ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የረገጡ ናቸው።

ወረቀቱም ቀላል አይደለም

ጓደኛና አማካሪ ቢገኝም ክሬዲቱ ካልተቆጠረ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ግዛቶች ወደ ስምምነት ገቡ። ፍሎሪዳ በ1971 በመላ ግዛቱ የሚሠራ የዝውውር ስምምነት አወጣች፤ ቀጥላም ለኮርሶች የጋራ መለያ ቁጥር ሰጠች። እዚህ የተወሰደው ኮርስ እዚያም ያው ቁጥር ካለው ጭቅጭቅ የለም። ካሊፎርኒያ በ1985 የትኛው ኮርስ ከየትኛው ጋር እንደሚተካከል የሚያሳይ «አሲስት» የሚባል መዝገብ አቋቋመች። በ2010 ደግሞ ለትራንስፈር ተብሎ የተዘጋጀ አሶሼት ዲግሪ በሕግ መጣ፦ ስልሳ ክሬዲት ኮሌጅ ውስጥ፣ ስልሳ ክሬዲት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ አለቀ።

አለቀ? ለታሪክና ለሶሺዮሎጂ ተማሪ አዎ። የኢንጂነሪንግና የኬሚስትሪ ተማሪ ግን የላብ ኮርሶቹንና አጠቃላይ ትምህርቱን በስልሳ ክሬዲት ውስጥ ማጨቅ ይቸግረው ነበር። በ2021 ሌላ ሕግ መጥቶ ለአንዳንድ የሳይንስ ዘርፎች እስከ ስልሳ ስድስት እንዲሆን ፈቀደ። ስድስት ክሬዲት ለማስጨመር አሥራ አንድ ዓመት!

የፌዴራል መንግሥቱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ ቢሮ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላ የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ዛሬም ቢሆን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚገቡት 80 በመቶ ያህሉ የመጀመሪያ ዲግሪ እንፈልጋለን ይላሉ። የሚዛወሩት አንድ ሦስተኛ ገደማ ናቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ ዲግሪውን የሚይዙት 16 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ክላርክ በ1960 ያየው «አንድ ሦስተኛ» ከስልሳ ዓመት በኋላ እዚያው ቁጭ ብሏል።

ኖቫ፣ ሞንትጎመሪና የእኛ ልጆች

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ያለው በዋሽንግተን ዙሪያ ነው። ስለዚህ በ1965 የተከፈተው ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (ኖቫ) እና በሜሪላንድ በ1946 የተመሠረተው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለሐበሻ ልጅ እንግዳ ስሞች አይደሉም። ዲቪ ደርሶት የሄደ ልጅ «ኖቫ ጀመርኩ» ብሎ ሲደውል ቤተሰብ «ተመስገን» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

ያ ልጅ ከአሜሪካዊው የክፍል ጓደኛው የሚለየው ሁለት ጊዜ መዛወሩ ነው። አዲስ አበባ ወይም መቀሌ ወይም ጅማ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ተምሮ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያ ትራንስክሪፕት በገምጋሚ ተቋም ይመዘናል፤ እዚያ አንድ ዙር ክሬዲት ሊቀር ይችላል። ከዚያ ከኮሌጁ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲሄድ ሁለተኛ ዙር። ማታ ፓርኪንግ ወይም ሆቴል ከሠራ የቀን ላብ አይመቸውም፤ ትርፍ ጊዜ ተማሪ ይሆናል፤ ሰንሰለቱ ይረዝማል። የመንግሥት ዕርዳታው ፔል ግራንት ደግሞ ከ2012 ጀምሮ በዕድሜ ልክ ከአሥራ ሁለት ሴሚስተር በላይ አይሰጥም። የማይቆጠር ኮርስ የወሰደበት ሴሚስተርም ከዚያው ይቀነሳል። ክሬዲቱም ጠፋ፣ ገንዘቡም ሄደ።

ደግነቱ የተሻለ ነገርም የተሠራው እዚያው ነው። በ2000 በሮክቪል የተከፈተው «ሼዲ ግሮቭ» ማዕከል የሜሪላንድ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎችን የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ትምህርት ለሞንትጎመሪ ልጆች ሰፈር ድረስ አመጣ። በ2018 ደግሞ ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ «አድቫንስ» የሚባል ፕሮግራም ጀመሩ። ተማሪው ገና ኖቫ ሲጀምር የሜሰንም ሰው ይሆናል። የትኛውን ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚወስድ እስከ ዲግሪው ድረስ ተጽፎ ይሰጠዋል፤ ከጅምር እስከ ፍጻሜ የሚከተለው አማካሪም አለው።

ልዩነቱን አያችሁት? ከሃርፐር ጀምሮ ለመቶ ዓመት የተለመደው ጥያቄ «ይህ ልጅ ለዩኒቨርሲቲው ይመጥናል ወይ?» የሚል ነበር። አድቫንስን የመሰሉ ሥራዎች ጥያቄውን ገለበጡት፦ «ዩኒቨርሲቲው ልጁን ከመጀመሪያው ቀን ይቀበለዋል ወይ?» ታሪኩን ስናገላብጥ ያገኘነው ይህንን ነው። ትራንስፈር የሰመረው ተማሪው ስለበረታ ብቻ ሳይሆን ተቀባዩ ወገን ግማሹን ሸክም ሲይዝ ነው።

ይህ እስኪስፋፋ ግን የሳይንስ መንገድ ለምትጀምሩ ወንድሞችና እህቶች ሦስት ጥያቄ እንተውላችሁ። ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ጠይቋቸው። አንደኛ፦ የምሄድበት ዩኒቨርሲቲና ዲፓርትመንት የትኛው ነው? («ዩኒቨርሲቲ» ብቻ መልስ አይደለም፤ ክሬዲትን የሚቀበለውም የሚጥለውም ዲፓርትመንቱ ነው።) ሁለተኛ፦ ይህ ኮርስ እዚያ በየትኛው ኮርስ ምትክ ይቆጠራል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ። ሦስተኛ፦ ካልኩለስን ከማን ጋር ነው የማጠናው?

አማካሪያችሁ «ሌላ ሙያ ብታይስ» ካላችሁ ደግሞ ክላርክን አስታውሱ። ምክሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከመብረዳችሁ በፊት ግን ሁለተኛ ሰው ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።